የእማማ የጓዳ እንግሊዝኛ

እንግሊዝኛ ያስተማሩኝ የማዳም እናት ናቸው። ጄኔቭ ማዳም ቤት ሥራ ስገባ ከ“የስ” እና ከ“ኖ” በቀር አላውቅም ነበር። እኔ እማማ እላቸዋለሁ። የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ልጅ ናቸው፣ እንግሊዝ አገር ገጠር ያደጉ። ሳኮርፍ “ማርዲ” ይሉኛል፤ ድሮ ተሞላቅቆ የተበላሸ ልጅ መጠሪያ ነበር፣ ኋላ አኩራፊው ሁሉ ተጠራበት። ቆፋሪው ጉድጓድ ይዞት የሚወርደው ምሳ ደግሞ “ስናፕ” ነው። ግምጥ ተደርጎ ስለሚያልቅ ነው ይላሉ። ልጃቸው ወደ ጓዳ ብቅ ስትል ግን አነጋገራቸው ወዲያው የሬዲዮ ይሆናል። ልጅ ሳለች፣ ጓደኞቿ ፊት በገጠር አነጋገራቸው እንዳያወሩ ለምናቸው ነበር አሉ። ይህን ሲነግሩኝ አንጀቴን በሉት።

ኋላ ማዳም ዙሪክ፣ ኦርሊኮን የሚባል ሰፈር፣ የአረጋውያን መኖሪያ አስገባቻቸው፤ እኔንም አሰናበተችኝ። ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ በኋላ ነው፣ ያውም ማዳም በላከችው የስልክ መልእክት። ደሜ ፈላ። በማለዳ፣ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ የሚያረዳው መርዶ እንዲህ ይላካል? እዚያው ጄኔቭ ዳር፣ ኦኔ የምትኖር ጓደኛዬን ይዤ፣ ጥቁር ለብሰን፣ ዳቦ ደፍተን ማዳም ቤት ለቅሶ ደረስን።

“ምን ረስተሽ ነው?” አለችኝ በሩ ላይ። ለቅሶ መሆኑን ስነግራት ግራ እንደገባት አስገባችን። እንደ ወጉ ዝም ብለን ተቀመጥን። እሷ ሰዓቷን ታያለች፣ እኔ በሆዴ እሰድባታለሁ።

ቆይታ፣ “እናቴ መጨረሻ ላይ አንድ ቃል ትደጋግም ነበር” አለችኝ። “ክለምድ፣ ክለምድ ትላለች። ነርሶቹም እኔም አልገባንም። አንቺ ታውቂዋለሽ?”

እንዴት አላውቀው። የከሰል ጉድጓዱ ተዘግቶ አባታቸው ሥራ ሲፈቱ፣ እነእማማ በልጅነታቸው ቤት ውስጥ ይሉት የነበረ ቃል ነው። ከመቆንጠጥ የመጣ ነው ብለውኛል፤ ረሃብ ሆድን ሲቆነጥጠው። ራበኝ ማለት ነው።

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ቀና ብዬ ሳያት ዓይኗ ቀልቷል። እኛ አገር ተራውን መርዶ እንኳ ሰው ላይ በድንገት አይጥሉትም፤ ይሄንንማ በምን አንደበቴ።

“ጠግቤያለሁ ማለት ነው” አልኳት።

እጄን ይዛ አለቀሰች። “እንዲያ ከሆነ በደንብ ያበሏት ነበር፤ ተመስገን” አለች።

እኔን ግን ይኸው እስከ ዛሬ እህል አልወርድ ይለኛል።