የሐሙስ መኪና

ሎሬይን ቤቷን ማጽዳት የጀመረችው የአካል ጉዳት አበሏን የምታጣራው የመንግሥት መርማሪ ከመምጣቷ አራት ቀን ቀደም ብላ ነው። ጤነኛ ሰው በአንድ ጠዋት የሚጨርሰውን ሥራ ለአራት ቀን ከፋፈለችው፤ ሰኞ የመስኮቱን ደፍ፣ ማክሰኞ መደርደሪያውን፣ እንዲህ እያለች። ነርቯ ላይ የገባው በሽታ አንድ ቀን ቢያቆማት ሦስት ቀን የሚጥላት ነው። እኔ ደግሞ ግድግዳ የምጋራት ጎረቤቷ ነኝ፤ የመጥረጊያውን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላ ነበር።

«ፓም፣ እባክሽ መጋረጃውን አጥበሽ ስቀዪልኝ» አለችኝ ረቡዕ ዕለት።

«መጋረጃ? ሴትዮዋ የምትመጣው ምን ያህል እንደታመምሽ ልታይ እኮ ነው! እንደወትሮሽ ሆነሽ ጠብቂያት። ፀጉርሽንም አታበጥሪ። ሳህኑም ሳይታጠብ ይደር።»

«አብደሻል? እንግዳ በቆሻሻ ቤት ልቀበል? እናቴ ከመቃብር ተነስታ ነው የምትገርፈኝ።»

የከተማችን የባከፕ ሰው እንግዲህ እንዲህ ነው። እዚህ ሸለቆ ውስጥ ተወልጄ ሃምሳ አራት ዓመት ኖሬያለሁ፤ እንዴት ነህ ሲባል ደህና ነኝ የማይል ሰው አላጋጠመኝም። የሥጋ ሻጩ አባት አንድ እግሩን በስኳር በሽታ ተቆርጦ ከሆስፒታል ሲወጣ «ምንም አልል፣ ጫማ አሁን በግማሽ ዋጋ ነው» ብሎ አስቆናል። ድሮ በዚህ ባሕርያችን እኮራ ነበር። አሁን ያናድደኛል።

ለዚህ ሁሉ ጭንቀት ምክንያቱ መኪናው ነው። ያን ዓመት መንግሥት የአካል ጉዳተኞችን አበል አንድ በአንድ እንደገና እመረምራለሁ ብሎ ተነሳ። ሎሬይን ከአበሏ የመንቀሳቀሻውን ድርሻ ለመኪና ኪራይ ሰጥታ፣ በእጅ ብቻ የሚነዳ ተደርጎ የተሠራ ትንሽ ሰማያዊ መኪና ነበራት። በየሳምንቱ ሐሙስ ኮረብታውን ተሻግራ ወንድሟን ዴሪክን የምታየው በእሱ ነው። ዴሪክ ዳውን ሲንድረም የሚባል የአእምሮ እድገት ችግር ይዞ የተወለደ፣ ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰው ነው፤ እናታቸው ከሞተች ወዲህ የሚኖረው እንክብካቤ ቤት ነው። ከሳምንቱ ቀናት ሁሉ ለይቶ የሚያውቀው ሐሙስን ብቻ ነው። ሐሙስ ሁለቱ አሳና ድንች ጥብስ ይገዙና መኪናው ውስጥ ቁጭ ብለው፣ መስኮቱ በእንፋሎት እስኪሸፈን ይበላሉ። አበሉ ከተነካ መኪናው ይወሰዳል። መኪናው ከተወሰደ ሐሙስ የለም።

ቀጠሮው ዓርብ ነበር። ጠዋት ላይ ግድግዳውን ስትመታ ሮጬ ሄድኩ። አልጋዋ ሳሎን ውስጥ ነው፤ ደረጃ መውጣት ካቆመች ሦስት ዓመት ሆኗታል። መጸዳጃ ቤቱ ፎቅ ላይ ስለሆነ ከአልጋዋ ጎን መቀመጫው ሥር ባልዲ ያለው ወንበር አለ። እሱን በጣቷ አሳየችኝ።

«አንቺ ቤት ውሰጂልኝ።»

«አላደርገውም! ሎሬይን፣ ማየት ያለባት እሱን ነው።»

«ሰው ሻይ በሚጠጣበት ክፍል? ፓም፣ የቀረችኝ ትንሽ ክብር ናት። እሷንም ከነባልዲው ላሳያት?»

አለቀሰች። ሎሬይን ስታለቅስ ያየኋት እናቷ የተቀበረች ዕለት ብቻ ነበር፤ አልቻልኩም። አንሶላ አልብሼ በጓሮ በኩል ወደ ቤቴ ወሰድኩት። በገዛ እጄ።

መርማሪዋ ሠላሳ ዓመት የማይሞላት ትሁት ልጅ ነበረች። ክፉ ብትሆን ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ የምጠላው ሰው አገኝ ነበር። ሎሬይን ሊፕስቲክ ተቀብታ፣ ሰማያዊ ሹራቧን ለብሳ፣ ግድግዳውን እየተደገፈች በሩን ራሷ ከፈተች። እኔ ከጎኗ እንድቀመጥ የተፈቀደልኝ አፌን እንድዘጋ ተስማምቼ ነው።

«እንዴት ነዎት ዛሬ?» አለች ልጅቷ ኮምፒውተሯን ጭኗ ላይ ከፍታ።

«ምንም አልል፣ ሆዴ። ከኔ የባሰ ስንት አለ። ሻይ ልሥራልሽ?»

«ኧረ አይቸገሩ።»

«ምን ችግር አለው!» ብላ ተነሳች። እኔም ልነሳ ስል በዓይኗ መልሳ አስቀመጠችኝ። ወጥ ቤት ገብታ ጠረጴዛውን በአንድ እጇ እንደያዘች ሻይ አፈላች፤ በብስኩት አቀረበች። ልጅቷ አመስግና ጻፈች።

«መጸዳጃ ቤት ለመጠቀምስ ይቸገራሉ?»

ሎሬይን እስከ ጆሮዋ ቀላች። «እንደማንኛውም ሰው ነኝ» አለች።

ጮክ ብዬ «ውሸቷን ነው!» ማለት ነበረብኝ። ሎሬይን ልጅቷን በር ድረስ ሸኘቻት፤ በሩ እንደተዘጋ ምንጣፉ ላይ ወደቀች። አንስቼ አልጋ ላይ አስተኛኋት። እስከ ማክሰኞ አልተነሳችም።

ደብዳቤው ከአምስት ሳምንት በኋላ መጣ። እኔ ነበርኩ ያነበብኩላት። ቤቱ ንጹሕ ነው። ፀጉሯ ተሠርቷል። በሩን ያለ ሰው እርዳታ ከፈተች። ሻይ አፍልታ እንግዳ አስተናገደች። የመጸዳጃ መርጃ መሣሪያ አልታየም። ስለዚህ የመንቀሳቀሻው አበል ይቋረጣል። አንዲት የሐሰት ቃል ባገኝበት ስልክ አንስቼ እጮህ ነበር። ሁሉም እውነት ነው፤ ምን ብዬ ልጩህ?

እንደገና ይታይልኝ ብለን ጻፍን። እኔ «ወድቃ ለሰዓታት መሬት ላይ ትቆያለች» ብዬ ስጽፍ እሷ «አልፎ አልፎ በይ» ትለኛለች። «ታዲያ ለምን ትጨፍራለች አንልም?» አልኳት። ሳቀች፤ ግን አሰረዘችኝ። ውሳኔው ጸንቷል የሚል መልስ መጣ።

ከዚህ በኋላ ነው ሎሬይን ክብሯን የዋጠችው። አንድ ቀን ጠርታኝ «ለፍርድ ሰጪው ጉባኤ ይግባኝ ጻፊ። ሁሉንም ጻፊ። ባልዲውንም፣ የሚደፋልኝ ማን እንደሆነም» አለችኝ። ጻፍኩ። የሐኪሟንም ወረቀት አያያዝን። ጉባኤው ደርሶኛል አለ፤ ጉዳይዎ በአሥራ አንድ ወር ገደማ ውስጥ ይታያል አለ። የመኪናው አከራዮች ግን የሚጠብቁት ሦስት ሳምንት ብቻ ነው።

እኔ መኪና አልነዳም። አውቶቡሱ ሁለት ጊዜ ያስቀይራል፤ የመጨረሻው ማቆሚያ ደግሞ ወደ እንክብካቤ ቤቱ በሚወጣው ዳገት ሥር ነው። አንድ ሐሙስ፣ መኪናው ገና ሳይወሰድ፣ ለመሞከር በታክሲ ሄደች፤ ሒሳቡ የምግብ ገንዘቧን በላውና በሚቀጥለው ሳምንት ማቀዝቀዣዋን ስከፍት ወተትና ማርጋሪን ብቻ አገኘሁ። ዳግመኛ ታክሲ አላነሳንም።

«ለዴሪክ ንገሪው እንጂ» አልኳት።

«ጉባኤው ቀደም ብሎ ይጠራኝ ይሆናል። ምን ብዬ ልንገረው? እኔ ራሴ አልገባኝም እኮ።»

መኪናውን ሊወስድ የመጣው ሰውዬ ኮፍያውን አውልቆ ይቅርታ ጠየቀ። ሎሬይን ቁልፉን ስትሰጠው ውስጡን አጽድታው ነበር፤ አጽጂ ያላት የለም። ሰውዬው የእጅ መንጃውን እያየ «አሪፍ ይዘሽዋል» አላት። እሷም አመሰገነችው።

ያ ረቡዕ ነበር። በማግሥቱ እሷ ዘንድ ቁጭ ብለን ቴሌቪዥን እያየን ሳለ ስልኩ ጮኸ። እጇ ስለሚንቀጠቀጥ ሁልጊዜ ድምፁን ወደ ውጭ አድርጋ ነው የምታወራው። ከእንክብካቤ ቤቱ የምትደውል ወጣት ሠራተኛ ነበረች።

«ሎሬይን፣ ደህና ነሽ? ዴሪክ ካፖርቱን ለብሶ ከምሳ ጀምሮ በሩ ላይ ቆሟል። ግባ ብንለው እምቢ አለን። መንገድ ላይ ነሽ?»

ሎሬይን የስልኩን ጫፍ ጨበጠች። «መኪናው ተበላሽቶ ነው በይልኝ» አለች።

ልጅቷ ዞራ ስትነግረው ሰማን። ከዚያ የዴሪክ ወፍራም ድምፅ መጣ፤ አልተቆጣም፣ አላለቀሰም፣ ጠየቀ ብቻ።

«መቼ ይሠራል እያለ ነው» አለች ልጅቷ። «ምን ልበለው?»

ሎሬይን ወደ እኔ ዞረች። ለሰው ሁሉ መልስ የማታጣው ሴት እኔ እንድመልስላት ታየኛለች። እኔ ደግሞ አቀርቅሬ ምንጣፉን አየሁ።

«ሄሎ?» አለች ልጅቷ። «ሎሬይን፣ አለሽ?»