ሀረም ድረስ የሄደው ቁልፍ

የምሠራው 6ኛ ኦክቶበር በምትባለው የግብፅ ከተማ ባለ የወረቀት ፋብሪካ ነው። ከትልቁ ማሽን የሚወጣው የወረቀት ጥቅል ከሰው ቁመት ይበልጣል። እሱን በየልኩ የሚሰነጥቁት ዘጠኝ ክብ ምላጮች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው የምግብ ሳህን ያክላሉ። ስለታቸውን ማንም በጣቱ አይሞክርም። ቁራጭ ወረቀት እናስጠጋለን፤ ያለ ድምፅ ከተቆረጠ ደህና ነው፣ ጠርዙ ከሻከረ ምላጩ ደንዝዟል።

ያን ጊዜ ምላጭ ቀያሪ ለመሆን የሦስት ሳምንት ሙከራ ላይ ነበርኩ። ከዚያ በፊት ጥቅል በጋሪ እገፋ ነበር። በእረፍት ሰዓት የማሽኑን መመሪያ ሥዕሎች ደብተሬ ላይ እየገለበጥኩ፣ ከሥር ያለውን ዓረብኛ ፊደል በፊደል እየለቀምኩ ተማርኩት። ይህን አይተው ነው አለቃችን "ና ሞክር" ያሉኝ። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ግብፃዊ ናቸው። ሁላችንም "ኡስታ" እንላቸዋለን፤ እዚህ አገር የእጅ ባለሙያ በአክብሮት የሚጠራው እንዲህ ነው። ሙከራው ሐሙስ ያልቃል። ካለፍኩ አለፍኩ፣ ካልሆነ ወደ ጋሪዬ።

የኡስታ ሕግ አጭር ነው። ምላጭ ከመንካትህ በፊት ዋናውን ማብሪያ ታጠፋለህ፣ በላዩ ላይ የራስህን ጓጉንቸር ትቆልፋለህ፣ ቁልፉን ኪስህ ትከታለህ። ጓጉንቸሩን በሰጡኝ ቀን ትርፍ ቁልፉን ፊቴ በመዶሻ ቀጥቅጠው ጣሉት።

"ያ ኢብኒ፣ ልጄ፣ እጅህ ውስጥ እያለ ይህን ማሽን ማስነሳት የሚችል ሰው እንዳይኖር ነው" አሉኝ።

ረቡዕ ዘጠኙንም ምላጮች ቀየርኩ። ወፍራሙን ጓንት አድርጌ፣ አንድ በአንድ፣ አሮጌዎቹን በካርቶን እየጠቀለልኩ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ከተትኩ። አምስተኛው አመለጠኝ። ልቀልበው አልሞከርኩም፤ እጄን አንስቼ ወደ ኋላ አልኩ፣ መሬት ላይ ተንከባሎ ቆመ። ኡስታ ከሩቅ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በምላጮቹ መካከል ያለውን ክፍተት በቀጭኑ የብረት መለኪያ አራት ጊዜ ለካሁ። ሁለቴ ይበቃ ነበር። አራተኛውን ስጨርስ የፈረቃው ደወል ተደውሎ፣ ወደ ሰፈሬ ወደ ሀረም የሚሄደው ማይክሮባስ በር ላይ ጥሩንባ እየነፋ ነበር። ሮጥኩ።

ሀረም ቤት የምጋራው ከታላቅ እህቴ ጋር ነው። ሄሊዮፖሊስ ሰው ቤት ትሠራለች፤ ረቡዕ ዕረፍቷ ነው። ልብስ ልታጥብ የሥራ ሱሪዬን ስትፈትሽ ባለ ቀይ ፕላስቲክ ቁልፍ አወጣች።

"ይሄ የየት ቤት ቁልፍ ነው? ሳትነግረኝ ቪላ ገዛህ?"

ተነሳሁ፤ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

"ፋብሪካውን ቆልፌው መጥቻለሁ።"

"ሙሉ ፋብሪካ?"

"የምላጩን ማሽን። እኔ ካልከፈትኩት አይነሳም።"

"ታዲያ ምን ትጎለታለህ? እንኳን አላረጠብኩት፤ ሱሪህን ልበስና ሂድ።"

ስልኬን ለሥራ እንዳጠፋሁት ነበር። ስከፍተው ያልተነሱ አሥራ አንድ ጥሪዎች፣ ሁሉም የኡስታ። ደወልኩላቸው።

"ደህና ነህ?"

"ደህና ነኝ። ቁልፉ እኔ ጋ ነው።"

"ኸላስ፣ በቃ፣ ና።"

ማይክሮባሱ ሞልቶ እስኪነሳ፣ ከዚያም መንገዱን ሁሉ፣ የማስበው ጋሪውን ነበር። የቀኝ የኋላ ጎማው ይንጫጫል። ነገ መጀመሪያ ዘይት እቀባዋለሁ አልኩ።

ስደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። የማታው ፈረቃ ሰዎች ጥቅል ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። አንዱ "ሐበሺው መጣ፤ ተነሱ፣ ዕረፍታችን አለቀ" አለ። ወጣቱ ኢንጂነር ትልቅ የብረት መቁረጫ ይዞ ቆሟል። ፈረቃቸው ድሮ ያለቀው ኡስታ ደግሞ ወንበር አምጥተው ማብሪያውን በጀርባቸው ከልለው ተቀምጠዋል።

"ሦስት ሰዓት ቆመናል" አለ ኢንጂነሩ። "ይሄ ልጅ ወደ ጋሪው ይመለስ።"

"ስልክ አላነሳም ነበር" አሉ ኡስታ። "ከደወለ በኋላም ቢሆን፣ ሰውየውን በዓይኔ ሳላይ ጓጉንቸሩ አይቆረጥም።" ወደ እኔ ዞሩ። "እጆችህን አሳየኝ።"

ዘረጋሁ። ጣቶቼን አንድ በአንድ እየነኩ በዓረብኛ ቆጠሩ።

"ዐሽራ። አሥሩም አሉ። ክፈት።"

ከፈትኩ። ማሽኑ ተነሳ። ኢንጂነሩ የመጀመሪያውን ጥቅል ጠርዝ ተመለከተ፤ ቁራጩን ወደ መብራት አስጠጋው። ብናኝ አልነበረውም።

"ይህን ማን ነው ያስተካከለው?"

"ረስቶ የሄደው" አሉ ኡስታ።

ኢንጂነሩ መቁረጫውን አስቀመጠ። "ማሌሽ፣ ግድ የለም፣ ሥራው ጥሩ ነው። ነገ ደግሞ ይዞት ቢሄድስ?"

ብዙ አልናገርም። የቤቴን ቁልፍ ከኪሴ አወጣሁ።

"ጓጉንቸሩን ስቆልፍ ይህን እዚህ እሰቅላለሁ። ያለ እሱ ቤቴ አልገባም፤ እሱን ልወስድ ስመጣ ማሽኑን እከፍታለሁ።"

ኢንጂነሩ ሳቀ። ኡስታ ግን አልሳቁም፤ መዶሻቸውን ፈልገው ከማብሪያው አጠገብ ያለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንድ ምስማር መቱ። ሐሙስ ስገባ አዲስ ምላጮች የያዘ ሣጥን እኔ ቦታ ላይ ተቀምጦ አገኘሁ። ጋሪውን ሌላ ሰው እየገፋው ነበር፤ ጎማውን ዘይት ቀባሁለት።

አሁን ምስማሮቹ አምስት ናቸው፤ የማታው ፈረቃም የቤቱን ቁልፍ ይሰቅላል። እህቴ ግን አላመነችም። ገና ከበር ስገባ እጇን ትዘረጋለች።

"ኪስህን አሳይ። ዛሬ የማንን ፋብሪካ ይዘህ መጣህ?"