ከሼኩ ግንብ ያወረድነው ድንጋይ

ባለፈው ክረምት አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አሶሳ ላይ ሲወርድ፣ ልጄ ፋጡማ አጠገቤ ቁጭ ብላ በዓለም ላይ ሊጎበኙ ይገባል የሚባሉ ጥንታዊ ፍርስራሾችን በስልኳ ታሳየኝ ነበር። በረሃ መካከል የተገተሩ ዓምዶች፣ ጫካ የዋጠው ቤተ መንግሥት፣ ባሕር ዳር የፈረሰ ምሽግ፤ እኔም ግማሽ ልቤ እሳት ላይ ከጣድኩት ወጥ ጋር ሆኖ «ደስ ይላል» እላታለሁ። አንዱ ፎቶ ላይ ስትደርስ ግን እጇን ያዝኩት። የት አገር እንደሆነ አላነበብኩም። ዝቅ ያለ የድንጋይ በር ነው፤ ትልቅ ሰው ካላጎነበሰ የማያልፍበት፣ በላዩ አንድ ረዥም ድንጋይ የተጋደመበት። በመስኮቱ ደግሞ የግቢያችን የድንጋይ አጥር ዝናብ ሲጠግብ የሚያወጣው ያ ቀዝቃዛ ሽታ ገባ። ልጄ ምን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። ምንም አልኳት፤ በልጅነቴ ስለማውቀው እንደዚያ ያለ በር ለአባቴም ለእናቴም «ምንም» ስል የኖርኩ ሰው ነኝና አልከበደኝም።

ያደግኩት ከአሶሳ ወደ ባምባሲ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ባለ የሰፋሪዎች መንደር ነው። ቤተሰቦቼ ከወሎ በሰፈራ ሲመጡ እኔ ገና ጀርባ ላይ ስለነበርኩ፣ እናቴ የምታለቅስለትን ደጋ አላውቀውም፤ የእኔ አገር ቀርከሃው፣ ማንጎው፣ ከሰው ቁመት የሚያልፈው ሣርና ምስጡ ነበር። ምስጡን አብሮት ያልኖረ አያውቀውም። ዘንድሮ ያቆሙትን ምሰሶ ለከርሞ ልጡን ብቻ ትቶ ይጠብቃል፤ እናቴ የሙሽርነት ሳጥኗን እንኳ ከአራት ጣሳ ውሃ ላይ አቁማው ነበር፤ አባቴ ይመርም «ቤት የሠራን መሰለን እንጂ ቀለብ ነው የሰፈርንለት» እያለ ጎረቤት ያስቅ ነበር።

ከመንደራችን የግማሽ ሰዓት መንገድ ርቆ፣ ኮረብታ ላይ፣ የሼኩ ግንብ የሚባል ፍርስራሽ አለ። ድሮ አካባቢውን የገዛ አንድ ባላባት ያሠራው ነው ይባላል፤ ስሙን ግን ማንም ሲጠራው ሰምቼ አላውቅም። ጣራው ከወደቀ ቆይቷል፣ የዋርካ ሥር ግድግዳውን ሰንጥቆ ወጥቷል፤ ለእኛ ለሰፋሪ ልጆች ግን ከዚያ የተሻለ የድብብቆሽ ቦታ አልነበረም። ከሁሉም ጥግ ላይ ያለች አንዲት ክፍል ብቻ አልፈረሰችም። መስኮት የላትም፣ በሯ ዝቅ ያለ ነው፣ ድንጋዮቿም ተጠርበው እንደ ሳሙና የተስተካከሉ ነበሩ።

እማማ ሃዋን ያወቅኳት እዚያች ክፍል በር ላይ ነው። ከኮረብታው ሥር ባለው የበርታ መንደር የምትኖር፣ በጋ በጋ ወንዝ ወርዳ ወርቅ የምታጥብ ቀጭን አሮጊት ነበረች፤ አርብ አርብ ከስግደት መልስ ግንቡ ላይ ትወጣና በሩ አጠገብ ጥቂት ተቀምጣ ትመለሳለች። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም፤ ለሁሉም «አንተ» ነው። እናቴን «አንተ ዛሬ ገበያ አልሄደም?» ስትላት እናቴ ሆዷን ይዛ ትስቃለች፤ እኔንም «አንተ ዘሐራ፣ ና» ብላ ትጠራኝና ከመቀነቷ ፈትታ ለውዝ ትሰጠኝ ነበር። ሌሎቹ ልጆች ሲፈሯት እኔ ለለውዙ ስል አጠገቧ መቀመጥ ለመድኩ፤ በኋላ ለጨዋታዋም ሆነ።

እንዲህ ነበር የነገረችኝ። አያቷ ገና ወጣት ሳለች የሼኩ ሰዎች ወንዝ ዳር ይዘዋት፣ ከሌሎች ሴቶች ጋር ያንን ድንጋይ በአናቷ ስትሸከም ከርማ፣ ግንቡ ሲያልቅ ራስዋ በተሸከመችው ድንጋይ ውስጥ ተዘጋባት። ከዚያች ክፍል እያወጡ ወደ ሱዳን ለባርነት የሚነዷቸው ነበሩ፤ የሃዋ አያት ትንሽ ልጅ እናቷ ጋ ትታ ሄደች፣ አልተመለሰችም። መቃብር ስለሌላት ቤተሰቡ በሩ ጋ እየመጣ ዱዓ ያደርግላት ነበር፤ አሁን የቀረችው ሃዋ ብቻ ናት። ሃዋ ግድግዳውን በመዳፏ እየነካች «ይሄ ድንጋይ በእግሩ አልመጣም» አለችኝ። ዐሥር ዓመቴ ነበር፤ ገብቶኛል። አልገባኝም ብዬ ራሴን ለማታለል ብዙ ሞክሬ ስለነበር ነው ይህን የምጽፈው።

በዚያው ዓመት ክረምት ምስጥ የበላው የቤታችን ማዕዘን ምሰሶ ተሰብሮ ጣራው በከፊል ወረደ። ታናሽ ወንድሜ ሰይድ ሥሩ ነበር፤ እግሩ ተሰበረ፣ ወጌሻ ቢያሸውም እስከ ዛሬ ያነክሳል። አባቴ ከዚያ ወዲያ አልቀለደም። አገሩ ሳለ ግንበኛ ነበርና፣ የድንጋይ መሠረት ሳልሠራ ልጆቼን እንጨት ሥር አላስተኛም ብሎ ማለ፤ ነገር ግን በዙሪያችን ያለው ድንጋይ ድቡልቡልና ፍርፍር ነው። አንድ ጠዋት ከእናቴ ጋር ስለዚሁ ሲጨነቅ ሰማሁትና ጣልቃ ገብቼ የተጠረበ ድንጋይ ያለበትን አውቃለሁ አልኩት።

እጁን ይዤ ወሰድኩት። ክፍሏን ሲያይ ፊቱ በራ፤ ድንጋዩን በጣቱ አንኳኳ፣ ማዕዘኑን ዳሰሰ፣ የማን እጅ ሥራ ነው ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። ይህ ቦታ የማን ነው፣ የሚመጣበት ሰው አለ ወይ ብሎም ጠየቀኝ። ማንም አይመጣም አልኩት። የሰይድን ጩኸት እየሰማሁ ስለከረምኩ ይሆናል፤ አባቴ ከብዙ ቀን በኋላ በእኔ ደስ ስላለውም ይሆናል።

በአራት ቀን ከጎረቤቶች ጋር በአህያ ጭነው አወረዱት። ያን ረዥሙን የበር ድንጋይ ስድስት ወንዶች በቀርከሃ ሸክም አምጥተው ደፋችን ላይ አጋደሙት። በመንደሩ የመጀመሪያው የድንጋይ መሠረት የእኛ ሆነ፤ ሰው ሁሉ እየመጣ «ይባርክ» አለን። እኔ ግን አርብን እቆጥር ነበር።

አርብ መጣ፣ እማማ ሃዋም ከኮረብታው ቀጥታ ወደ እኛ ቤት መጣች። የአህያውን ኮቴ ተከትላ መሆን አለበት። አባቴ ሲያያት እንግዳ መስላው በርጩማ ሊያመጣ ተነሣ። አልተቀመጠችም። የደፋችንን ድንጋይ አጎንብሳ በመዳፏ ዳሰሰችው፣ ቀና አለችና እኛ ወደቆምንበት አየች። አባቴ ከፊት፣ እኔ ከጀርባው ነበርን።

«አንተ ታውቅ ነበር» አለች።

አባቴ ደነገጠ። ምን እንዳጠፋ ጠየቃት፤ እሷም በቁርጥራጭ አማርኛ፣ አረብኛና በርትኛ እየቀላቀለች ነገረችው። አባቴ ተንበርክኮ «ወላሂ እማማ፣ አላወቅኩም፤ ነገውኑ እመልሰዋለሁ» አላት። ሰይድ እግሩ በቀርከሃ ታስሮ መደቡ ላይ ተኝቶ ነበር፤ ወደ ውስጥ አየችው።

«ተወው» አለች በመጨረሻ። «ሰው ማልቀስ ይበቃል። ልጅ ይተኛበት።»

ስትሄድ እንደገና «አንተ ታውቅ ነበር» አለች፤ በዚህኛው ጊዜ ዓይኗ ዓይኔ ላይ ነበር። አባቴ ግን መሬት መሬት ያይ ስለነበር ይህን አላየም።

ከዚያ በኋላ ሃዋ ግንቡ ላይ ወጥታ አታውቅም። ገበያ ላይ ከሩቅ ሳያት በጆንያ ክምር ጀርባ እሸሸግ ነበር፤ የመምህራን ማሠልጠኛ ሳለሁ መሞቷን ሰማሁ። አባቴ ደግሞ ያን ቃል ለራሱ ወስዶ ኖረ። ሽማግሌ ከሆነ በኋላም «ያቺ ሴት ያላወቅኩትን ታውቃለህ ብላኝ ሞተች» እያለ ይተክዝ ነበር። ሁሌም እነግረዋለሁ እያልኩ፣ እኔ ራሴ ውሃ እየሰጠሁት አስታምሜው፣ ሳልነግረው ቀበርኩት።

ፋጡማ ፎቶውን ካሳየችኝ በኋላ፣ መንገዱ ሲደርቅ፣ ይዣት ወደ ግንቡ ሄድኩ። አሁን አጥር አለው፤ ጎብኚ የሚያዞር የአካባቢው ተወላጅ ወጣትም አለ። ስለ ሼኩ ሀብትና ስለ ግድግዳው ውፍረት አስረዳን፤ ጥጉ ላይ ስንደርስ እዚህ የነበረች ክፍል በዝናብና በዕድሜ ፈርሳለች አለ። ልጄ ባለችበት እንዳልፈረሰች፣ አባቴ እንዳነሣት፣ መንገዱን ያሳየሁት ግን እኔ እንደሆንኩ ነገርኩት። በሃዋ አያት ላይ የደረሰውንም ነገርኩት። ወጣቱ አልተቆጣኝም። ከደረት ኪሱ ትንሽ ደብተር አወጣና፣ እስከ ዛሬ ስለዚያች ክፍል የነገረው ሰው እንደሌለ ገልጾ፣ በትሕትና ጠየቀኝ።

«የተዘጋባት ሴት ስሟ ማን ነበር፣ እትዬ?»

ሃዋ ነግራኝ ነበር። አንድ ቀን ሳይሆን ብዙ ጊዜ፣ ለውዙን እየፈለፈለች፣ ቀስ አድርጋ፤ የበርትኛ ስም ነው፣ ምላሴ ሲያበላሸው እሷም ትስቅ ነበር። ሳቋ ትዝ አለኝ፤ ስሙ ግን ጠፋኝ። ወጣቱ እስክሪብቶውን ደብተሩ ላይ አኑሮ ጠበቀ፣ ፋጡማም አፍ አፌን አየችኝ። ሃዋ ልጅ አልነበራትም፤ ያንን ስም ያስቀመጠችው እኔ ዘንድ ነበር።