ሁለተኛው የደም ውጤት

ካርቱም ውስጥ በአንድ የግል ሆስፒታል ላቦራቶሪ ስድስት ዓመት በጽዳት ሠርቻለሁ። ወለል እወለውላለሁ፣ ያገለገለ ጓንት እሰበስባለሁ፣ ሰው ሲያጥር ደግሞ የምርመራ ውጤት ወደ ድንገተኛ ክፍል አደርሳለሁ። ወረቀቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ባላነበውም ቁጥሩን አውቀዋለሁ። የላቦራቶሪው ባለሙያ ሽበት የወረረው፣ ትዕግሥተኛ ሱዳናዊ ነበር፤ ሥራ ቀዝቀዝ ሲል ያስረዳኛል።

"ይህ ላክቴት ይባላል" አለኝ አንድ ቀን። "ሰውነት በሕመም ሲጨነቅ ደም ውስጥ የሚጠራቀም አሲድ ነው። ከሁለት በታች ከሆነ ደህና ነው። ከፍ ካለ ግን ሐኪሞቹ መድኃኒት ሰጥተው ከሰዓታት በኋላ እንደገና ያስለኩታል። ከወረደ በሽተኛው ተስፋ አለው።"

"ካልወረደስ?"

"አላህ ያውቃል" ብሎ ወደ ማሽኑ ዞረ።

ከዚያ ወዲህ ወረቀት ሳደርስ ዓይኔ ቁጥሩን ሳይፈልግ አያልፍም። አንድ ሽማግሌ ቁጥራቸው ሲወርድ አይቼ፣ በሳምንቱ በእግራቸው ሲወጡ ከልጆቻቸው እኩል ደስ ብሎኛል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ቤተሰቡ ገና በተስፋ እየጠበቀ እኔ ቀድሜ አውቄ፣ መወልወያዬን ይዤ በአጠገባቸው አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ።

አርካዊት በሚባለው የካርቱም ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይተን የምንኖረው ከአንዲት የወሎ ልጅ ጋር ነበር። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ እኔ አርባን ተሻግሬያለሁ። ካፉሪ፣ የሀብታሞች ሰፈር፣ አንድ ትልቅ ቪላ ውስጥ ትሠራለች፣ ሐሙስ ማታ ትመጣና ቅዳሜ ማለዳ ትመለሳለች። እሷ ስትጾም እኔ ምግብ አዘጋጅላታለሁ፣ እኔ ስጾም እሷ ሥጋ ወደ ቤት አታስገባም። እታለም ነው የምትለኝ።

የሱዳኑ ጦርነት ከመጀመሩ በፊት በነበረው ክረምት፣ አንድ ዓርብ ወገቧን ይዛ ዋለች። ሽንት ሲመጣ እንደሚያቃጥላትም ነገረችኝ።

"ነገ ሆስፒታል እንሂድ" አልኳት።

"ወላሂ ምንም አይደል እታለም። ምንጣፍ ሳጥብ ጎንበስ ብዬ ውዬ ነው። መደም ቤት እንግዳ አለ፣ ብቀር ሌላ ሴት ታስገባለች።"

ልጎትታት ይገባ ነበር። አልጎተትኳትም።

ማክሰኞ ጠዋት የመደሟ ሾፌር ሆስፒታሉ በር ላይ አውርዷት ሄደ። ዘበኛው ጠርቶኝ ስወጣ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ትንቀጠቀጣለች፤ እጇን ስይዘው በረዶ ነው። ቤት ውስጥ ወባ ነው ብለው ሁለት ቀን ፓናዶል ሲሰጧት ከርመዋል። ደሟ ሲመረመር ወባ የለም። ላክቴቷ ግን ስድስት ነበር።

ተረኛዋ ዶክቶራ ገና ልጅ ናት፣ ፈጣን፣ ቃል የማታባክን። የወሎዋ ልጅ የምታውቀው ዐረብኛ የወጥ ቤት ዐረብኛ ስለሆነ አስተርጓሚዋ እኔ ሆንኩ።

"የኩላሊት ኢንፌክሽን ወደ ደሟ ገብቷል" አለችኝ። "ግሉኮስና ጠንካራ መድኃኒት ጀምረናል። አራት ሰዓት ቆይተን ደሟን እንደገና እናያለን። ቤተሰብ ካላት ዛሬውኑ ደውላ ታናግራቸው። ንገሪያት።"

"ምን አለች?" ስትል ጠየቀችኝ ልጅቷ።

"ኩላሊትሽን ብርድ መቶታል፣ መድኃኒቱ ያሽርሻል ነው ያለችው።"

ከሰዓት በኋላ ሁለተኛውን ደም ራሴ ወደ ላቦራቶሪ ወሰድኩት። ባለሙያው ማሽኑ ውስጥ ሲያስገባው አጠገቡ ቆሜ ነበር። ውጤቱ ሲወጣ ወረቀቱን አልሰጠኝም፤ በእጁ እንደያዘ "ዘመድሽ ናት እንዴ?" አለኝ። አዎ አልኩ። ያን ጊዜ ዘረጋልኝ። ስምንት ከምናምን ይላል።

ከላቦራቶሪው እስከ ድንገተኛ ክፍል ያለው ኮሪደር ረጅም አይደለም። በየቀኑ የምወለውለው ነው። ያን ቀን ግን መሐሉ ላይ ቆሜ ግድግዳ ተደገፍኩ። ዶክቶራዋ ወረቀቱን አይታ ሌላ መድኃኒት አዘዘች፣ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ትወሰድ የሚል ወረቀት ጻፈች፤ አልጋ ግን አልነበረም።

ልጅቷ ዓይኗን ከፈተች። "እታለም፣ ቁጥሩ ምን ሆነ?"

ስለ ቁጥሮቹ ቤት ስናወራ ሰምታኛለች። ወርዷል ወይስ ወጥቷል ነው የምትለው።

"ወርዷል" አልኳት። "በጣም ወርዷል።"

"አልሐምዱሊላህ።" ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ እንዲያም ሆኖ ፈገግ አለች። "እናቴ ዘንድ ልደውል ብዬ ነበር። እንግዲያው ይቅር፣ በከንቱ ትደነግጣለች። ዓርብ ድኜ እደውላለሁ።"

ስልኳ ትራሷ ሥር ነበር። አውጥቼ እጇ ላይ ባስቀምጠው ውሸቴን ታውቅብኛለች። እዚያው ተውኩት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ንግግሯ ተወላገደ፣ ከዚያ እኔንም መለየት ተሳናት። በማግስቱ ረፋድ ላይ አረፈች።

አርካዊት ያሉ የወሎ ሴቶች አጠቧት። እኔ ክርስቲያን ስለሆንኩ ከበሩ ውጭ ቆሜ ውኃ አቀብል ነበር። ወንዶቹ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ወስደው ቀበሯት።

እናቷ ዘንድ የደወልኩት እኔ ነኝ። ከወሎ ሴቶቹ የሰሙ ጎረቤቶች ቀድመው አርድተዋቸው ስለነበር አላለቀሱም፤ ድምፃቸው ዝሎ ነበር።

"ምን አለች ልጄ?" አሉኝ። "ስሜን አልጠራችም?"

ልዋሽ እችል ነበር። ልጇን ዋሽቼ እናቷንም መዋሸት ግን አቃተኝ። "ልትደውልልዎ ነበር እናቴ" አልኳቸው። "ደህና ነሽ ብዬ ያስቀረኋት እኔ ነኝ። እንደማትተርፍ አውቄ ነበር።"

ከበስተኋላቸው የለቀስተኛ ድምፅ ይሰማል።

"አንቺ አውቀሻል" አሉ በመጨረሻ። "እኔ ግን ብትደውል ድምፅዋን እሰማው ነበር።"

ስልኩ ተዘጋ። ልብሷንና ስልኳን በመተማ በኩል በሚገባ ሰው ላክሁላቸው፤ ደርሷቸዋል። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ደውያለሁ፣ አንስተው አያውቁም። ላቦራቶሪው ውስጥ ጦርነቱ እስኪያባርረን ድረስ ሠራሁ። ወረቀት ማድረስ ግን ሌላ ሰው ይሥራው ብዬ ለመንኩ፣ ሽበታሙ ባለሙያም ምክንያቱን አልጠየቀኝም።