የማይዋዥቅ ውሃ

በወርክሾፑ ውስጥ «ሚዛን» ነበር የሚሏት። ድርጅቱ የቧንቧ ዕቃ የሚሠራ ነው፤ እሷ የምትሠራው መጨረሻው ጠረጴዛ ላይ፣ ያለቀለት ቫልቭ በሚፈተሽበት ቦታ ነበር። ቫልቩ ከአውራ ጣት ብዙም አይበልጥም። ሆዱ ውስጥ አንዲት የላስቲክ ቀለበት አለች። ውሃው ገፍቶ ሲመጣ ቀለበቷ ትጨፈለቅና መንገዱን ታጠባለች፤ ግፊቱ ሲደክም ደግሞ ላላ ብላ ታሰፋለታለች። ስለዚህ ከኋላው ግፊቱ ቢጨምርም ቢቀንስም ከፊቱ የሚወጣው ውሃ ያው ነው። የሚዛን ሥራ ይህ እውነት መሆኑን ማየት ነበር። ቫልቩን ከመፈተሻው ቱቦ ላይ ትገጥማለች፣ ግፊቱን ከፍ ዝቅ ታደርጋለች፣ በመስታወቱ ውስጥ የምትንሳፈፈውን ቀይ ፍሬ ታያለች። ፍሬዋ ካልተነቃነቀች ቫልቩ አለፈ፤ ከዘለለች ውድቅ ነው። ሚዛን ቁጣ አታውቅም፣ ወሬም አታበዛም፤ ለሥራውም ለስሙም የተፈጠረች ነበረች።

ባሏ ተቃራኒዋ ነው። አውቶቡስ ነጂ ነበር፤ አገሩ ሁሉ «ጡሩምባ» ይለዋል፣ ገሚሱ ጡሩምባ ስለሚያበዛ፣ ገሚሱ በገዛ ድምፁ። የተዋወቁትም በዚሁ ነው። ጠዋት ጠዋት እሷ ከምትሳፈርበት ፌርማታ ሊደርስ ሲል ገና ከሩቅ ጡሩምባውን ያምባርቀዋል፤ ተሳፋሪው እየተሳሳቀ ዞር ሲል እሷ መሬት መሬት እያየች ትገባለች። ከተጋቡ በኋላም እሱ ያወራል፣ እሷ ትስቃለች። ልጅ አልወለዱም። ሰው ነገሩን ሲያነሳባቸው እሱ ቀድሞ «እኔን አሳድጋ መቼ ጨረሰች» ይልና ወሬውን ይዘጋዋል።

ጡረታ በወጣ በዓመቱ ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ከዱት፤ ምላሱ ግን ቀስ እያለ ተመለሰለት። ሐኪሙ ቀኝ ጎኑ ሙቀትና ቅዝቃዜ እንደማይለይ ነግሯቸው ነበር። በዚያን ጊዜ የመቆምና የመራመዱ ጭንቀት ስለበለጠባቸው ነገሩን እንደ ቀላል አለፉት።

ገላውን የምታጥበው ሚዛን ሆነች። መታጠቢያ ቤታቸው ጠባብ ናት፤ የፕላስቲክ ወንበሩ ከገባ በሩ በቅጡ አይከፈትም። እሱን ታስቀምጠዋለች፣ ሙቁንና ቀዝቃዛውን ታመጣጥናለች፣ በክንዷ ትሞክረዋለች፣ ከዚያ ሻወሩን ትከሻው ላይ ትለቃለች። እሱም ሲታጠብ የድሮ ተሳፋሪዎቹን ወሬ ያመጣል። አንድ ቀን እንዲሁ፣ ፍየል ይዞ «ለሷ ሒሳብ አልከፍልም፣ ቆማ ነው የምትሄደው» ስላለው ሰውዬ እየነገራት ሳለ፣ ሳሙናው አምልጧት ጎንበስ አለች። በዚያች ቅጽበት ምድር ቤት የምትኖረው ጎረቤታቸው ልብስ ልትዘፈዝፍ ቧንቧዎቿን ባንዴ ከፈተች። ቀዝቃዛው ውሃ ወደ ታች ተሳበ፤ ላይ የቀረው የፈላው ብቻ ሆነ። ሚዛን ቀና ስትል ቀኝ ትከሻው እሳት መስሏል። እሱ ወሬውን አላቋረጠም። አልተሰማውም። ያወቀው የሷን ፊት አይቶ ነው።

ቁስሉ ቢድንም ፍርሃቱ አልለቀቀውም። ከዚያ ወዲህ መታጠቢያ ቤቱን እንቢ አለ። በእርጥብ ጨርቅ እንድትጠራርገው ብቻ ይፈቅዳል፤ እሱንም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው። እየቆየ ወዳጆቹ ሊጠይቁት ሲመጡ «ተኝቷል በያቸው» ማለት ጀመረ። በጠረኑ አፍሮ እንደሆነ ገብቷታል፤ አንስታበት ግን አታውቅም። ጎረቤቲቱም ጥፋቱን ለራሷ ወስዳ ሾርባ ይዛ ትመጣለች፤ በር ላይ ቆማ ዕንባ ዕንባ ሲላት ሳትገባ ትመለሳለች። ቀን ቀን ቧንቧ መክፈት ራሱ ፈርታ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሚዛን ጠረጴዛዋ ላይ ግፊቱን እያወረደች ሳለ እጇ ቆመ። ቀይዋ ፍሬ እንዳለች ናት። ይህን ያህል ዘመን ቫልቭ ስትፈትሽ ወዴት እንደሚሄድ ጠይቃ አታውቅም፤ ከእጇ ይወጣል፣ ካርቶን ይገባል፣ አበቃ። ፎጣዋን አስቀምጣ አለቃዋ ዘንድ ሄደች። አለቃው የቆየ የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ቁጡ ነው፣ ሆዱ ግን ቡቡ። ነገሩን ሰምቶ ሲያበቃ ወለሉ ላይ በጠመኔ ቤታቸውን አሳላት፤ ታንከሩ የት ነው፣ ማሞቂያው የት ነው፣ ወደ ምድር ቤት የሚወርደው ከየት ይገነጠላል እያለ። ከዚያ አንድ ቫልቭ ለሙቁ መስመር፣ አንድ ለቀዝቃዛው ያስፈልጋታል አለ። የማሞቂያውንም ሙቀት ዝቅ እንድታደርገው፣ ውሃው እንደ ድሮው እንደማይጎርፍም ነገራት። ከመደርደሪያው ሥር ውጪያቸው ተጭሮ ለገበያ ያልወጡ፣ ሆዳቸው ግን ደህና የሆነ ሁለት ቫልቮች አወጣላት።

«ስሚኝ እህቴ፣ ቫልቭ ውሃ አይወልድም» አላት። «ታንከሩ ከጎደለ ይሄም ምንም አይሠራልሽም። እሱን አይተሽ ወደ መታጠቢያው ግቢ። ውሃ እስካለ ድረስ ግን አያወላውልም።»

በዕረፍት ቀኗ መፍቻ ተውሳ ሥራ ጀመረች። ጠረጴዛ ላይ የፈተሸችው ቫልቭ ስፍር ቁጥር የለውም፤ ግድግዳ ላይ አንድም ገጥማ አታውቅም። ጎረቤቲቱ ጨርቅና ባልዲ ይዛ የሚፈሰውን ታደርቃለች። የመጀመሪያው ሙከራ አልሆነም፤ ታች ቧንቧ ሲከፈት ላይ ያለው ውሃ እንደ ድሮው ዋዠቀ። ሚዛን ፈትታ ብታየው የውሃውን አቅጣጫ የሚያሳየውን ቀስት ገልብጣ ገጥማዋለች። ሁለቱ ሴቶች እርጥብ ወለል ላይ ቁጭ ብለው እስኪበቃቸው ሳቁ። ጡሩምባ ከአልጋው ሆኖ ሳቁን ይሰማል፤ ምን እንደሚሠሩም ያውቃል።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ልትጠራው ገባች። አልነሳም አለ። ብታባብለው ጣሪያውን እያየ፣

«የማይሰማኝን ጎን ማን ይጠብቅልኛል?» አላት።

«እኔ።»

«አንቺም ሰው ነሽ። ዓይንሽ ይደክማል።»

እውነቱን ነው። ክራንቹን አምጥታ በሩ ድረስ ብቻ እንዲመጣ ለመነችው፤ እሱም በሩ ድረስ ብቻ እሺ አለ። ወንበሩ ላይ ራሷ ተቀመጠች፣ ከነቀሚሷ። ውሃውን አመጣጥና በትከሻዋ ላይ ለቀቀችው፤ ከዚያ ወለሉን በጫማዋ መታችው። ታች ወርዳ ምልክቱን ስትጠብቅ የነበረችው ጎረቤቲቱ ያላትን ቧንቧ ሁሉ ከፈተች። ውሃው በግድግዳው ውስጥ ወደ ታች ሲሮጥ ይሰማል። ሚዛን ላይ የሚወርደው ግን አልሳሳም፣ አልፈላም። ታች ተዘጋ፤ እንደገና ተከፈተ፤ እንደገና ተዘጋ። እሷ ቀሚሷ ገላዋ ላይ ተጣብቆ፣ ፀጉሯ ፊቷ ላይ ወርዶ፣ ታየዋለች።

ጡሩምባ ክራንቹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ የሚሰማውን እጁን፣ ግራውን ዘረጋ። ውሃው ውስጥ ብዙ አቆየው።

«እስቲ ደግማ ትክፈት» አለ።

ደግማ ከፈተች። እጁን አላነሳም።

«ዝጊ በያት አሁን» አለ ቀስ ብሎ። «እኛ እንድንታጠብ እሷ ታች ትስጠም?»

ከዚያ ቀን በፊት መጨረሻ የቀለደው መቼ እንደሆነ ሚዛን ብታስብ ሊመጣላት አልቻለም። ተነሥታ ወንበሩን ለቀቀችለት። ሸሚዙን ስታወልቅለት ፊቱን ወደ ግድግዳ አላዞረም። ራሱን አጠበችው፣ አንገቱን፣ ጠባሳ የያዘውን ትከሻ በመዳፏ ብቻ፣ በዝግታ። ዓይኑን ጨፍኖ ስለ ባለፍየሉ ሰውዬ መጨረሻውን ነገራት፤ ሰውዬው ወረደ፣ ፍየሏ ግን አልወርድም ብላ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሄደች።

ወዳጆቹም ተመልሰው መምጣት ጀመሩ። ጎረቤቲቱ ልብሷን በጠራራ ፀሐይ ታጥባለች፤ ቧንቧ ስትከፍት ከታች ሆና «ጋሼ፣ ከፈትኩ!» ማለት ልማድ አድርጋው ነበር፣ እሱም «ክፈቺ፣ ምን አገባኝ!» ይላታል።

እየቆየ ጡሩምባ በግራ እጁ ራሱን ማጠብ ለመደ። ሐኪሙ ደስ አለው፤ ወንበሩ አጠገብ የግድግዳ መያዣ አስገጠሙለት፣ ሚዛንም እጀታው ረጅም የሆነ ብሩሽ ገዛችለት። ደስታዋ እውነተኛ ነበር። ግን ብቻውን የታጠበ ቀን መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆማ፣ ከውስጥ ሲያንጎራጉር እየሰማች፣ እጇን የምታደርግበት ቦታ አጣች። ፎጣውን አጠፈች፣ ዘረጋች፣ መልሳ አጠፈች። ማንም ሳይከለክላት እንግዳ የሆነች መሰላት።

ማንጎራጎሩ ቆመ።

«አንቺ» አለ ከውስጥ፤ «ጀርባዬን አልደረስኩበትም።»

ስትገባ ብሩሹ ከተሰቀለበት አልተነካም፤ እንደ ደረቀ ነው። አየችው፤ እሱም ማየቷን አየ። እጅጌዋን ሰብስባ ሳሙናውን አነሣች።