«ደህና ነኝ» ያለ ቁስለኛ

«አንቺ ተሸካሚ ነሽ፤ አስቀምጪውና ውጪ!» አሉኝ ነርሷ መቶ አለቃ፣ ሲስተር ዘነበች፣ ፊት ለፊቴ ቆመው። ቁስለኛ የተኛበትን ቃሬዛ አላስቀመጥኩም።

ነገሩ እንዲገባችሁ ከጠዋቱ ልጀምር። የምጽፈው ዛሬ ቀራንዮ አካባቢ ባለ ጤና ጣቢያ አብረውኝ ለሚሠሩ ጀማሪ ነርሶች ነው። ያኔ አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የዘመትኩ የኮልፌ ልጅ ነበርኩ። ሥራዬ ቁስለኛን ከውጊያው ቦታ በቃሬዛ አውርዶ ሕክምና ድንኳን ማድረስ ነበር።

በዚያ ቀን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ከፊታችን ያለውን ጉብታ እንድንይዝ ታዘዝን። ሁለት ሰዓት ላይ ተኩስ ተከፈተ። ሦስት ሰዓት ላይ ጉብታው በእጃችን ነበር። መጀመሪያ ያወረድነው አስር አለቃ ጌታሁንን ነው፤ የአባቴ እኩያ። «እንዴት ነዎት?» አልኳቸው። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።» ለሲስተር «ደህና ናቸው» ብዬ አስረከብኩ። ከቀላል ቁስለኞች ጋር ጥላ ሥር አስተኟቸው። አራት ሰዓት ሳይሞላ ሞቱ። ደሙ ወደ ውስጥ ነበር የሚፈሰው። እኛ አገር እንዴት ነህ የተባለ ሰው አንጀቱ ተዘርግፎም ቢሆን ያመሰግናል። ይህን ከእናቴ ቤት ጀምሮ አውቀዋለሁ። እያወቅሁ እንደዚያ ጠየቅኳቸው።

አምስት ሰዓት ላይ ሀብታሙ ተመታ። አዲስ አበባ የዓለም ባንክ ሰፈር ልጅ፣ ከመዝመቱ በፊት የታክሲ ረዳት። ቃሬዛው ላይ ሆኖ «ቀስ በሉ እንጂ፣ ወራጅ አለ!» እያለ አሳቀን። ድንኳኑ ስንደርስ ሲስተር «እንዴት ነህ ጀግናው?» አሉት።

«ተመስገን፣ ፏ ብያለሁ!»

ወደ ጥላው ጠቆሙን። እምቢ ያልኩት ያኔ ነው፤ ውጪ ያሉኝም ያኔ።

«ሲስተር፣ ይስሙኝ። አምስት ሰዓት ላይ ተመታ። ጎኑን ነው። መንገድ ላይ ሁለቴ ውሃ ጠየቀ። ስናነሳው ቀልዱን አያቋርጥም ነበር፤ አሁን አንዷን ቃል ለማውጣት ትንፋሽ ያጥረዋል።»

 ሲስተር ወደ ሀብታሙ ጎንበስ ብለው «ቀልዱን ተወውና በጣትህ አሳየኝ። የት ነው?» አሉት። ጣቱ ከግራ ጎድኑ ሥር ሄደ። ሲነኩት ሆዱ እንደ ጣውላ ጠንክሯል፤ እሱም ወደ ውስጥ እየደማ ነበር። «ዶክተር!» ብለው ተጣሩ። ወደ እኔም ዞረው ያልኩትን አንድ በአንድ ደገሙት።

«ልክ ነው?»

«ልክ ነው፣ ሲስተር።»

ከዚያ ሰዓት ወዲህ በኛ ድንኳን እንዴት ነህ ተብሎ የተጠየቀ ቁስለኛ የለም። ተሸካሚ መቼ፣ የት፣ ምን ተለወጠ ሳይል ቃሬዛ አያወርድም፤ ተቀባዩም የሰማውን ሳይደግም አይረከብም። ትእዛዙን ያወጡት ራሳቸው ሲስተር ናቸው። ሜዳሊያ የለኝም። ይህ ግን አለኝ፣ እኮራበታለሁ።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ ተኩሱ ጋብ አለ። ሀብታሙ ከቀዶ ጥገናው በሕይወት ወጣ። አስራ ዘጠኝ ሰው አውርደናል፤ አራት ሞተዋል። ሲስተር የሟቾቹን መዝገብ ሲከፍቱ አጠገባቸው ቆምኩ።

«አስር አለቃ ጌታሁንን ደህና ናቸው ብዬ ያስረከብኩት እኔ ነኝ። ይጻፍ።»

ብዕራቸውን አቆሙ። «የተቀበልኩትም እኔ ነኝ» አሉና የሁለታችንንም ስም ጻፉ።

ከጉብታው በኩል ተሸካሚ የሚጠራ ፉጨት ተሰማ። ቃሬዛዬን አንስቼ ወጣሁ።