ላልሞተ ጫካ የተተከለ ድንኳን

ዛሬም ማለዳ የእድር ጡሩምባ ስሰማ፣ ማን ሞተ ብዬ ከመጨነቄ በፊት ትዝ የሚለኝ ቀራንዮ ሰፈር ከቤታችን ጀርባ ያለው ጫካ ነው። ቁልቁል እስከ ወንዙ የሚወርደውን ያን ተዳፋት ሰፈሩ «ወይራው» ይለው ነበር፤ ጽዱም፣ ኮሶውም፣ ቀጋውም በወይራ ስም ይጠራ ነበር።

ክረምት ሲገባ እናቴና የእድራችን ዳኛ ሐጂ ሱሩር በየጓሯቸው ያፈሉትን ችግኝ ይዘው፣ እኛን ልጆቹን አስከትለው ይወርዱና ጎርፍ የበላውን ቦታ በጭቃ ተለውሰን ስንተክል እንውል ነበር። ግማሹን ከብት ይበላዋል፣ ግማሹ ይደርቃል፤ እነሱ ግን በዓመቱ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ተመልሰው ይተክሉ ነበር። ዝናቡ አባርቶ ቀጋው ሲበስል ደግሞ እሾህ ውስጥ ገብተን፣ ልብሳችንን ቀደን፣ ማታ ቁንጥጫችንን እንቀምሳለን።

አንድ በጋ ችካል የያዙ ሰዎች መጡ። አንደኛው ዙሪያውን አይቶ «ይሄ ሁሉ ባዶ ቦታ ነው እንዴ?» ሲል እናቴ ሰማችው።

«ባዶስ ዓይንህ!» አለችው።

ያ «ባዶ» የሚለው ቃል ዛሬም ያንገበግበኛል። ችካሉ ተተከለ፤ ቦታው ለመጋዘን ተሰጥቷል፣ ዶዘር ይመጣል ተባለ። የሰፈሩ ሰው ቢሮ ለቢሮ ተንከራተተ፣ «ነገ ኑ» ተባለ፤ ነገውም አላልቅ አለ።

ያኔ ነው እናቴ የእድሩን ድንኳን እንትከልበት ያለችው። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ «ማንም ሳይሞት? ሟርት ነው!» ብለው አማተቡ። ሐጂ ግን ጢማቸውን እየዳበሱ «ይነፋ» አሉ። ጡሩምባው ተነፋ፤ ከለቅሶ የቀረ እንደሚቀጣ የሚያውቀው ሰፈር ነቅሎ ወጣና፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ንፍሮው ተቀቅሎ፣ በጫካው መግቢያ ላይ ለቅሶ ተቀመጥን።

ዶዘሩ እያጓራ መጥቶ ድንኳኑ ፊት ቆመ። ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ኮፍያውን አውልቆ ገባና «እግዜር ያጽናችሁ» ብሎ ጥግ ይዞ ተቀመጠ። ንፍሮ ዘግነው ሰጡት። ትንሽ ቆይቶ ወደ እናቴ ጠጋ አለና «ማን ነው የሞተው እናቴ?» አላት።

«ገና አልሞተም ልጄ። አንተን እየጠበቅን ነው።»

ሰውዬው ማኘኩን ትቶ ዛፎቹን ቀና ብሎ አየ። «እኔ ለቅሶ ላይ ዶዘር አልነዳም» ብሎ ወጥቶ ሄደ። አለቃው መጥቶ ጮኸ፣ ፖሊስ እጠራለሁ አለ፤ የተነሳ ግን አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ሐጂን «በእናንተ ደንብ ሐዘን ሦስት ቀን አይደል እንዴ?» ቢላቸው «ለሰው ነዋ!» አሉት። አርባውን እዚያው አወጣን።

በመጨረሻ መንገድ ዳር ያለውን ወሰዱ፣ ወደ ወንዙ የሚወርደውን ተዉልን። ያኔ እናቴ ፍርሃት ያልፈጠረባት ሴት ትመስለኝ ነበር። አሁን እኔ የያኔ ዕድሜዋ ላይ ደርሼ «አልፈራሽም ነበር?» ስላት ትስቃለች።

«ወይ ልጄ! ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ መቆም ቢያቅተኝ አይደል የተቀመጥኩት!»

የተረፈውን ሊቆርሱ ዛሬም ይመጣሉ። የእኔም ጉልበት ይንቀጠቀጣል፤ ሄጄ እቀመጣለሁ።